እማዬ፣ ቀኑን ለእርሱ እንተውለት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? አባዬስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ መገናኘታችን ባይቀርም፣ ስልክ ላይ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ያቋርጠዋል፣ አንቺም ታለቅሺና ዋናው ነገር ሳይነሳ ይቀራል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። አንቺም እስኪጨርስ ድረስ ታገሺኝ።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። የጸለዩልሽ ሰው «ልጅሽ በዚህ ዓመት የመኖሪያ ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች፤ ጌታ ነግሮኛል» እንዳሉሽ ነገርሽኝ። ደስታሽ ከድምፅሽ ያስታውቃል። ቀጥለሽም «እንግዲህ የጀመርሽውን ትምህርት ተዪው፤ ልትመጪ ነው እኮ፣ ምን ያደርግልሻል? የቤቱንም ውል አታድሺ» አልሽኝ።

እማዬ፣ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት፤ ጸለይኩበትም። ትምህርቱን አልተውኩም። የቤቱንም ውል አድሻለሁ። ቃልሽን ንቄ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ማመን አቅቶኝም አይደለም። እንዲያውም ስለማምን ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ።

ነቢዩ ኤርምያስን ታስታውሺዋለሽ። በእርሱ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ፣ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወሰደ። ቤተሰብ ተከፈለ። ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ሆነ፤ ልክ እንደኛ። ያኔ ሐናንያ የሚባል ሰው በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ ተናገረ። በ2 ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹም፣ የተዘረፈው የመቅደሱ ዕቃም ይመለሳል አለ። ኤርምያስ ለምልክት ያደረገውን የእንጨት ቀንበርም ከአንገቱ ላይ ወስዶ ሰበረው።

ልጇ የተማረከባት እናት ይህን ስትሰማ ምን ያህል እልል እንደምትል አንቺ ታውቂዋለሽ። ኤርምያስ ራሱ እንኳ መጀመሪያ የመለሰው «አሜን፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። እኔ ይህን «አሜን» በጣም እወደዋለሁ። ኤርምያስ የሕዝቡ መከራ የማይገባው ሰው አልነበረም። እርሱም እንዲመለሱ ይመኝ ነበር። ግን የሚመኘውንና እግዚአብሔር የተናገረውን ለይቶ ያውቃል። ሐናንያ የተናገረው ሰው ሁሉ መስማት የሚፈልገውን ነበር፤ እግዚአብሔር ግን አልላከውም።

ኤርምያስ ደግሞ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ደብዳቤ ጻፈ። ከአገር ቤት ወደ ስደት የተላከ ደብዳቤ ነው። ምን ይላል? ቤት ሥሩና ተቀመጡ። አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውንም ብሉ። አግቡ፣ ውለዱ፣ ልጆቻችሁንም ዳሩ። ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ። የምትመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም ነው።

70 ዓመት! ደብዳቤው ሲነበብ በዕድሜ ከገፉት ብዙዎቹ አገራቸውን ዳግም እንደማያዩ እዚያው ገባቸው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው፣ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ተስፋ የሚገኘው እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር ግን ስለ 70ው ዓመት ነው የሚያወራው። ተስፋውን አንስተን ዓመቱን መተው አንችልም። እግዚአብሔር የሰላም አሳብ አለኝ ያላቸው ቶሎ እመልሳችኋለሁ ብሎ አይደለም። ጊዜው እስኪደርስ ግን በዚያው የሚታዘዙት የዕለት ሥራ ሰጣቸው።

ስለዚህ እኔም ለጸለዩልሽ ሰው መልሴ እንደ ኤርምያስ «አሜን» ነው። በዚህ ዓመት ካደረገልኝ ሮጬ እመጣለሁ፤ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። እኚያን ሰው ሐሰተኛ ናቸው እያልኩሽም አይደለም። ይህን መፍረድ የኔ ቦታ አይደለም። ግን እማዬ፣ ቀን ቆርጠን «በዚህ ጊዜ ታደርግልኛለህ» ስንለው፣ እምነት መስሎን እኛ አዛዥ፣ እርሱ ታዛዥ እንሆናለን። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ እርሱን እንቀየማለን። አንቺ እንዳትቀየሚው ነው የምፈራው። እስከ ዛሬ ጸሎትሽ ነው ያቆመኝ፤ ባልተባለ ቀን ምክንያት ልብሽ እንዲሰበር አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ስልክ ላይ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የወረቀት ጉዳዬን የሚያውቅ አንድ ሰው «ታሪክሽ ደካማ ነው፤ ታስሬ ነበር በይ። ወረቀቱን የሚያዘጋጅልሽ ሰው አገኝልሻለሁ። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ታስሬ አላውቅም። አላደርገውም አልኩት።

ቀላል እንዳይመስልሽ። የአባዬ መድኃኒት፣ የወንድሜ ትምህርት፣ ያንቺ እርጅና፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ዞረ። እውነቱን ተናግሬ ብከለከልስ? አንዲት ቃል ብጨምር ማን ይጎዳል? እንዲህ እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ አብርሃም ነው። ያኔ ስሙ ገና አብራም ነበር። ረሃብ አሰድዶት ግብፅ ሲደርስ «በሚስቴ ምክንያት ይገድሉኛል» ብሎ ፈራ፤ ሣራን «እህቴ ናት በይ» አላት። ውሸቱ ሠርቶለት ነበር እኮ! በጎች፣ በሬዎች፣ አህዮች፣ ግመሎች ተሰጡት። ሣራ ግን ፈርዖን ቤት ገባች። ከዚያ ያወጣት እግዚአብሔር እንጂ የአብርሃም ብልጠት አይደለም። ከዚያም ፈርዖን፣ እግዚአብሔርን የማያውቀው ንጉሥ፣ የእምነትን አባት «ለምን እውነቱን አልነገርከኝም?» ብሎ ወቀሰው።

ያ ወቀሳ ከአጥንቴ ገባ። በእግዚአብሔር ታምኛለሁ እያልኩ በውሸት ወረቀት ላይ ከቆምኩ፣ የታመንኩት በየትኛው ነው? ያገኘሁትን ነገር ሁሉ «እንዳይነቃብኝ» እያልኩ ስጠብቅ ልኖር ነው። ልጆች ብወልድ፣ ጌታ እንዴት እንደረዳኝ ስነግራቸው ምን ልል ነው?

ወረቀቱ በዚህ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። ጭራሽም ሊቀር ይችላል። ይህን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ፤ ዋጋውን አብራችሁኝ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና። አባዬ ቅር ካለው ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ። «ልጅህ አንተ እንዳሳደግካት ሆና ነው» በይው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሐሰት ስንናገር ሲቆጣን የኖረው እርሱ ነው፤ እዚህም ድረስ ተከትሎኛል።

ግን መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳይመስልሽ። ጠበቃዬ ጋ በቀጠሮዬ እሄዳለሁ። የተጠየቅሁትን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቤ ሰጥቻለሁ። ቋንቋውን አጠናለሁ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርቴንም እማራለሁ። የኔ ድርሻ ይህ ነው። ማኅተሙን የሚያስመታው ጌታ ነው።

ትሕትና የሚባለውንም እንዲሁ ሰዎች ሲያጣምሙት አያለሁ። አንዲት ጓደኛዬ የሠራችበት ቦታ ደመወዟን ከልክሏት ነበር። አንድ የምታከብረው ሰው «ቻይው፤ ክርስቲያን አይከስስም» አላት። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ጳውሎስ ትሑት አልነበረም? በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ደብድበው ካሰሩት በኋላ በስውር ሊለቁት ሲሉ «ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ። በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። መብትን በሥርዓት መጠየቅ ትዕቢት አይደለም። አብሬያት ሄድኩ፤ አመለከተች። እልህ ይዟት እንዳትሳደብ ግን መንገዱን ሁሉ ስንጸልይ ነበር።

ለኔ ትሕትና የገባኝ ሌላ ቦታ ነው። ጴጥሮስ መልእክቱን የጻፈው በጳንጦስና በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ለተበተኑ መጻተኞች ነው፤ እንደኔ ላለው ማለት ነው። ከኃያሉ ከእግዚአብሔር እጅ በታች ራሳችሁን አዋርዱ ይላቸውና፣ እዚያው በዚያው የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት ይላል። ሁለቱን ያያያዛቸው በከንቱ አይደለም። ሌሊት ተኝቼ የናንተን ጉዳይ አንድ በአንድ ስቆጥር፣ እኔ ካልነቃሁ ቤቱ የሚፈርስ ይመስለኛል። ይህ ጭንቀት ፍቅር አለበት፤ ትንሽ ትዕቢትም አለበት። የቤቱ ምሰሶ እኔ ነኝ እያልኩ ነው እኮ። አሁን አሁን «ጌታ ሆይ፣ አባዬ ያንተ ነው፤ ወንድሜም ያንተ ነው፤ እኔ የቻልኩትን ልኬያለሁ» እልና እተኛለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ሲሳካልኝ ግን ጠዋት ሌላ ሰው ሆኜ እነሳለሁ።

ሥራዬን ጠይቀሽኝ ነበር። አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ይቆጡኛል፣ ስሜንም ይረሱታል። የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን ቤት አገልጋይ ልጅ ብዙ ጊዜ ትዝ ትለኛለች። የሶርያ ወራሪዎች ማርከው ለንዕማን ሚስት አገልጋይ ያደረጓት ብላቴና። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ «የእጁን አገኘ» ብትል ማን ይፈርድባታል? እርሷ ግን «ጌታዬ በሰማርያ ካለው ነቢይ ፊት ቢደርስ ኖሮ!» አለች። በምርኮ ቤት ሆና ለማረካት ሰው መዳንን ተመኘች። እምነቷ ያን ሁሉ ነገር አልፎ አልጠፋም። እኔ ማንም አልማረከኝም፤ ደመወዝ ይከፈለኛል። እና አሮጊቷን ሳጥባቸው በልቤ እጸልይላቸዋለሁ። ኤርምያስ ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ያለው ይህንንም ይጨምራል መሰለኝ።

አሁን ለወንድሜ። ይህን ራስህ እያነበብክ ስለሆነ ደንግጠህ አትዝለለው። «እከሊት ካንቺ በኋላ ሄዳ ወረቀት አገኘች፤ እግዚአብሔር አንቺን ረስቶሻል?» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አልተቆጣሁህም። ጴጥሮስም ዮሐንስን አይቶ «ጌታ ሆይ፣ ይህስ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠይቋል። ጌታ ስለ ዮሐንስ አላብራራለትም፤ «አንተስ ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» ነው ያለው። ልጅቷ ስላገኘች ደስ ብሎኛል፤ ደውዬም እንኳን ደስ ያለሽ ብያታለሁ። የኔን መንገድ በርሷ መንገድ አልለካም። አንተም ትምህርትህን የኔን ወረቀት እየጠበቅክ አታቆየው። የዘንድሮው ክፍያ ሙሉው ባይሆንም እልካለሁ፤ የቀረውን በየወሩ እንዲቀበሉህ ቀርበህ አነጋግራቸው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር መጠየቅ አያሳፍርም።

እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትጸልዪልኝ «በዚህ ዓመት አምጣት» ማለቱን አትተዪ፤ እኔም እላለሁ። ልጅ ለአባቷ የልቧን ትናገራለች። ግን ቀጥለሽ «ፈቃድህ ይሁን» በይልኝ፤ ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ እንዳለው። እኚያ ሰው እንደገና ከመጡ በአክብሮት ተቀበያቸው፤ እኔን በሚመለከት ግን ቀን አትጠይቂያቸው።

ዳንኤልም ሸምግሎ በባዕድ አገር ሳለ የኤርምያስን 70 ዓመት ከመጽሐፍ አስተዋለ። ጊዜው ደርሷልና ዝም ብዬ ልጠብቅ አላለም፤ ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ «እኛ ኃጢአትን ሠርተናል» እያለ ጸለየ። እርሱ ራሱ ተመለሰ የሚል ግን አናነብም። ዕድሜውን ሁሉ በባዕድ ነገሥታት ቤት አገለገለ፤ ጠላቶቹ በሥራው ነውር ፈልገው አጡበት። እንደርሱ አድርጋት ብለሽ ጸልዪልኝ፤ ወረቀት ባገኝም ባላገኝም።

የሚቀጥለው ኢንተርቪዬ ቀን ሲታወቅ እጽፍልሻለሁ። የእግርሽን ሕመም በቀጠሮሽ ተመርመሪ፤ «ይሻለኛል» እያልሽ አታሳልፊው። አባዬን ጉልበቱን ስሚልኝ። የምጠብቃቸው አሮጊት ልጅ ከእናቱ ጋር ተኳርፎ ሳይጠይቃቸው ቆይቷል፤ እንዲታረቁ እነርሱንም በጸሎትሽ አስቢልኝ።

ልጅሽ