«ራስን ችሎ መኖር» ማለት ምን ማለት ነው? የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአማርኛ ለማዳረስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ አንባብያን፣

ጥቂት የሕግ ባለሙያዎች፣ ተርጓሚዎችና አካል ጉዳተኞች ተሰባስበን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንና አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ የጻፋቸውን ዋና ዋና ማብራሪያዎች በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማዳመጥ፣ በብሬል መዳሰስና በምልክት ቋንቋ መመልከትም ይቻላል፤ ለሁሉም የሚሰጠውም በነጻ ነው። እስካሁን በትርፍ ጊዜያችን ያለ ክፍያ ስንሠራ ቆይተናል፤ የቀረው ክፍል ግን ያለ ገንዘብ የሚፈጸም አልሆነም።

አካል ጉዳተኝነትን አንሥቶ ገንዘብ መጠየቅ ለእኛም አልቀለለንም። በዚህ ጉዳይ የሚቀርብ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አንጀት በሚበላ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ ስምምነቱ የተጻፈው ደግሞ ሰው የሚገባውን በመብቱ እንዲያገኝ እንጂ በርኅራኄ እንዲቸረው አይደለም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አላያያዝንም። የምንጠይቃችሁ ለአንድ ጠቃሚ መጽሐፍ ኅትመት እንደምታደርጉት ያለ መዋጮ ነው።

ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2006 በጠቅላላ ጉባኤው ጸድቆ ሜይ 3 ቀን 2008 ሥራ ላይ ዋለ። በአንቀጽ 50 መሠረት እኩል ተቀባይነት ያላቸው ቅጂዎቹ የተጻፉት በዐረብኛ፣ በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስያኛና በስፓኒሽ ነው። ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው መብቱን የሚያነበው በተርጓሚ እጅ ካለፈ በኋላ ነውና ተርጓሚው የመረጠው ቃል መብቱን ሊያሰፋውም ሊያጠብበውም ይችላል።

ይህን በራሳችን ሥራ አይተነዋል። የጀመርነው ከአንቀጽ 19 ሲሆን ቶሎ የምናልፈው መስሎን ከሁሉ ይልቅ ያቆየን እሱ ሆነ። አንቀጹ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት የትና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ ዕድል እንዲኖራቸው፣ በአንድ በተወሰነ የመኖሪያ ዓይነት እንዲኖሩ እንዳይገደዱ፣ የግል ረዳትን ጨምሮ የሚያስፈልጋቸውን አገልግሎት በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲያገኙ ያዛል። ርእሱን «ራስን ችሎ መኖር» ብለን ስንተረጉመው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በአማርኛ «ራሱን ቻለ» የምንለው ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ የሰው እጅ ሳያይ የሚኖረውን ነው። እንዲህ ከተነበበ ለመልበስም ለመመገብም ረዳት የሚያስፈልገው ሰው ከአንቀጹ ውጭ ይቀራል፤ ከማንም በላይ አንቀጹን የሚፈልገው ግን እሱ ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 5፣ ነገሩ የዕለት ተዕለት ተግባርን በራስ የማከናወን ችሎታ ብቻ ተደርጎ እንዳይተረጎም፣ ይልቁንም በገዛ ሕይወት ላይ የመምረጥና የመወሰን ነጻነት ሆኖ እንዲታይ አሳስቧል።

በዚሁ ስም የሚጠራው የአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ ታሪክም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። በ14 ዓመቱ ፖሊዮ የያዘው ኤድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ነበር፤ ለዚያ መሣሪያ የሚሆን ቦታ የተገኘውም በግቢው ሆስፒታል ነው። ልብስ የሚያለብሰው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ማን እንደሚያለብሰውና መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ራሱ ነው። እሱና ጓደኞቹ ያስነሡት እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1972 በበርክሌይ የመጀመሪያውን «ራስን ችሎ የመኖር» ማዕከል ወለደ። ቀደም ሲል «ሥራ ለመሥራት ጉዳቱ ይከብዳል» ብሎት የነበረውን የካሊፎርኒያ የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ መሥሪያ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በኃላፊነት መራው። እኛም ከረጅም ክርክር በኋላ «በራስ ምርጫ መኖር» የሚለውን መርጠን፣ የተለመደውን አጠራር በኅዳግ አስቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ ዛሬም አልተስማማም፤ የእሱም ሐሳብ በኅዳጉ ሰፍሯል።

በሕግ ፊት እኩል መታወቅን የሚመለከተው አንቀጽ 12 ከዚህም ይከብዳል። በሕግ አማርኛ «ችሎታ» የሚባለው የመብት ባለቤት የመሆንና በመብቱ የመሥራት ሥልጣን ነው፤ ተራው አንባቢ ግን ቃሉን ሲያይ የሚያስበው ሙያን ወይም ጉልበትን ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2014 በማብራሪያ ቁጥር 1 ሕጋዊ ችሎታና የአእምሮ ችሎታ የተለያዩ መሆናቸውን አጥብቆ የተናገረውም ሁለቱ ሲደባለቁ የሰው ውሳኔ ወደ ሞግዚት እጅ ስለሚያልፍ ነው። ማየት የተሳነው አንድ የቡድናችን አባል የራሱን ገንዘብ ከባንክ ለማውጣት ምስክር ይዞ እንዲመጣ ተጠይቆ ያውቃል። የጠየቀው ሠራተኛ አልተቆጣም፣ አልተሳደበም፤ አለማየትን ካለመፈረም ጋር አንድ አድርጎ ነው ያየው። በድርድሩ ጊዜም ጉዳዩ የቃል ጉዳይ ሆኖ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ከረቂቁ ሥር የገባ የግርጌ ማስታወሻ «ሕጋዊ ችሎታ» የሚለው ቃል በዐረብኛ፣ በቻይንኛና በሩስያኛ የመብት ባለቤት መሆንን እንጂ በመብት መሥራትን እንደማያመለክት ይገልጽ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ስምምነቱን ከማጽደቁ በፊት ማስታወሻው ተሰርዟል።

ትርጉምን ማረም የመንግሥታት ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ከጀርመንኛ ተናጋሪዎች ተምረናል። ይፋዊው የጀርመንኛ ትርጉም አካታችነትን የሚገልጸውን ቃል «ውሕደት» በሚል ስለተረጎመው የአካል ጉዳተኞች ወገን የራሱን ተነጻጻሪ ትርጉም አሰራጨ። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋዊ ትርጉሟን አረመች።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ከፍተኛው ለድምፅ ቅጂ የሚውለው ነው። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ የኮምፒዩተር ድምፅ ለሰው «ይገባል» የሚለውን ወደ ቤት «ይገባል» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ የመብት ጽሑፍ ደግሞ በዚህ ቃል የተሞላ ነው። ስለዚህ የሚያነብ ሰው፣ የሚያርም ሰውና ጸጥ ያለ የመቅረጫ ክፍል ያስፈልጉናል። ቀጥሎ የሚመጣው ለምልክት ቋንቋ ባለሙያዎች የሚከፈለው ነው፤ ቪዲዮውን የሚያዘጋጁት መስማት የተሳናቸው ባለሙያዎች ራሳቸው ናቸው። የብሬሉ ወጪ ወፍራም ወረቀትና የማተሚያ ኪራይ ነው።

አንድ ወጪ ግን ልናብራራው ይገባል። በቀላል አማርኛ የሚዘጋጀውን ቅጂ የሚፈትሹት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አንባቢዎች ሲሆኑ፣ ያልገባቸው ዐረፍተ ነገር ሁሉ እንደገና ይጻፋል። ለዚህ ሥራቸው እንደማንኛውም አራሚ ክፍያ ያገኛሉ። «በጎ ፈቃድ ቢሆንስ?» ብለው የጠየቁን ወዳጆች አሉ፤ ለሕግ ባለሙያው ምክር እየከፈልን እነሱን በምስጋና ብንሸኝ ግን የምንተረጉመውን ስምምነት ራሳችን እንጥሳለን።

መዋጮው ትንሽም ቢሆን እንቀበላለን፤ ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ሰው ስሙ አይገለጽም። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ተዘርዝሮ በጽሑፍም በድምፅም ይቀርብላችኋል። በቂ ገንዘብ ካልተሰበሰበ የአንቀጽ 12ንና የአንቀጽ 19ን ክፍል ከማብራሪያዎቻቸው ጋር አስቀድመን እንጨርሳለን፤ የቀረው ይቆያል። ከገንዘብ ይልቅ ድምፃችሁን፣ የአርትዖት ሙያችሁን ወይም የመቅረጫ ክፍላችሁን ለመስጠት የምትፈቅዱም ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ የቡድናችን አባል አስታውቁልን። የአንቀጽ 19 የመጀመሪያ የድምፅ ቅጂ ለመቀረጽ ዝግጁ ሆኖ አንባቢውን እየጠበቀ ነው።