ክዳኑን ሳይከፍቱ መጠበቅ፦ የተፈጥሮ ቁሶች ሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በዚህ ዓመት የሠራው ከወደቀ ቅጠል፣ ከደረቀ ጭራሮ፣ ከድንጋይና ከሸክላ ጭቃ ነው። ሲቋቋም ሁለት ዓላማዎች ተቀምጠውለት ነበር። አንደኛው ተማሪዎች በእግራቸው ሥር የሚያገኙትን ነገር የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ቁስ አድርገው ማየት እንዲለምዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ ወላጆችንና መምህራንን አብዝቶ የሚያሳስበውን ራስን የመግዛት ጉዳይ በምክር ሳይሆን በሥራ እንዲለማመዱ ነው። ይህ ሁለተኛው ዓላማ በመምህራን ስብሰባ ላይ ቅጠል መደርደር ከጠባይ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ አስነሥቶ ስለነበር፣ ዘገባው በአብዛኛው ለዚያ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ሆኗል።

ደንቦቻችን ጥቂት ናቸው። ከተክል ላይ አንቀጥፍም፤ የወደቀውን ብቻ እናነሣለን። ድንጋይ ለብዙ ነፍሳት መጠለያ ስለሆነ፣ ሥራው እንዳበቃ እያንዳንዱ ድንጋይ ወደነበረበት ይመለሳል። ከቤት ውጭ በሚሠሩ ሥራዎች ላይ ደግሞ ሙጫም ሆነ ሚስማር አይፈቀድም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባላቱን ያስቆጣው ይህ የመጨረሻው ደንብ ነበር፤ ነገር ግን የክበቡ ትምህርት ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። ሙጫ ካለ በችኮላ የተሠራ ሥራም ይቆማል። ሙጫ ከሌለ ግን፣ አንድ ድንጋይ በሌላው ላይ የሚቆመው ታችኛውን ቢያንስ በሦስት የተራራቁ ነጥቦች ሲነካና የክብደቱ ማዕከል በእነዚያ ነጥቦች መካከል ሲያርፍ ነው። እነዚህን ነጥቦች ዐይን አያያቸውም፤ ድንጋዩን በቀስታ እያዞረ፣ ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያዳምጥ ጣት ነው የሚያገኛቸው። የተናደደ እጅ ደግሞ አያዳምጥም።

የሥነ ጥበቡን ታሪክ በተመለከተ ረጅም ትምህርት አልሰጠንም። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሰው ሪቻርድ ሎንግ በሣር ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ በመመላለስ፣ ሣሩ ተረግጦ ሲተኛ የተፈጠረውን መስመር ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደ ሥራው ማቅረቡን፣ እንዲሁም በ1970 አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሰው ሮበርት ስሚዝሰን በአሜሪካ በዩታ ግዛት በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳርቻ ከባዝልት ድንጋይና ከአፈር የሠራው፣ 457 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥምዝ መንገድ ሐይቁ ሲሞላ ለብዙ ዓመታት ሰጥሞ ቆይቶ ውኃው ሲጎድል እንደገና መታየቱን ነግረናቸዋል። ተማሪዎቹን ያስገረማቸው የሥራው ግዝፈት ሳይሆን ሠሪው ለውኃ ትቶት መሄዱ ነበር።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ድንጋይ ስንደረድር የታዘብነው ነገር የክበቡን አሠራር ለውጦታል። አባላቱ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ጊዜ፣ አምስት ድንጋይ አቁሞ የረካ ተማሪ ጓደኞቹ ቀና ብለው ሲመለከቱት ስድስተኛውን ይጨምራል፤ ይፈርሳል፤ ይሳቃል፤ ከዚያም የተረፈው በእግር ይመታል። ይህ የእኛ ተማሪዎች ጠባይ ብቻ አይደለም። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአፍላ ጉርምስና ላይ ያሉ ልጆች የመኪና መንዳት ጨዋታን ብቻቸውን ሲጫወቱና እኩዮቻቸው ባሉበት ሲጫወቱ ተነጻጽረው፣ እኩዮች በተገኙ ጊዜ የሚወስዱት አደጋ በግልጽ ጨምሮ ተገኝቷል፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን ተመሳሳይ ልዩነት አልታየም። ለደስታና ለአድናቆት ፈጥኖ የሚነሣሣው የአንጎል ክፍል በጉርምስና መጀመሪያ ሲሞቅ፣ የሚያመዛዝነውና ልጓም የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹን ታገሡ እያልን ከመጨቅጨቅ ይልቅ የሥራ ቦታዎቹን አራራቅናቸው፤ ሥራው ሳያልቅ ማንም እንዳይጎበኘው፣ ፎቶግራፍም ከማለቁ በፊት እንዳይነሣ ተስማማን። በዓመቱ ውስጥ ከወሰንናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ፍሬ ያፈራ የለም ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራችን የመሣያ ከሰል ማዘጋጀት ነበር። ቀጭን ጭራሮ በጣሳ ውስጥ ታጭቆ፣ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ክዳን ተከድኖ እሳት ላይ ይቀመጣል፤ እሳቱን የሚይዘው መምህር ብቻ ነው። በቀዳዳው በኩል የሚወጣው ጢስ ሲያቆም ጣሳው ይወርዳል። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ጣሳው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ አየር ይገባና የጋለው ከሰል ተቀጣጥሎ አመድ ይሆናል። የመጀመሪያው ምድብ ይህ ሁሉ ተነግሮት ሳለ፣ አንዱ ጥቂት ብቻ ልየው ብሎ ክዳኑን ገለጥ አደረገ፤ ሲሥሉበት ሊውሉ ያሰቡትን ከሰል አመድ ሆኖ አገኙት። ማንም መቆጣት አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ምድብ ጣሳውን ዙሪያውን ከቦ ከመጠበቅ ይልቅ ሌላ መንገድ ፈለገ። በሥነ ልቦና ጥናት ፒተር ጎልዊትዘር በስፋት የመረመረው፣ እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ የሚል አስቀድሞ የሚነገር ዕቅድ አለ። እያንዳንዱ አባል፣ ክዳኑን ልክፈተው የሚል ሐሳብ ሲመጣብኝ ተነሥቼ ጭቃ አቦካለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ጣሳውም ከዐይናቸው ውጭ ተቀመጠ። በማግስቱ የተከፈተው ከሰል ጥቁርና ደረቅ ነበር፤ በዐውደ ርእዩ ላይ የቀረቡት የዛፍ ሥዕሎች በሙሉ የተሣሉት በእርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ወላጆች ደጋግመው ስለሚያነሡት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሸል ሕፃናትን አንድ ጣፋጭ ፊታቸው አስቀምጦ፣ ሳይበሉ ለቆዩት ሁለተኛ እሰጣለሁ በማለት የፈተነበት ሙከራ የታወቀ ነው። ከዚያ በመነሣት በሕፃንነቱ የታገሠ ልጅ በትምህርቱም ይሳካለታል ተብሎ ብዙ ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በሚበልጡ ልጆች ላይ የታተመ ጥናት ግን ግንኙነቱ ከተባለው በጣም ያነሰ መሆኑን፣ የቤተሰብ ሁኔታ ሲታሰብበትም አብዛኛው እንደሚጠፋ አሳይቷል። ከሙከራው ለክበባችን የጠቀመን ሌላው ግኝት ነው፤ መጠበቅ የቻሉት ሕፃናት ብዙውን ጊዜ ጣፋጩን ላለማየት ዐይናቸውን የሚሸፍኑና በዘፈን ወይም በሌላ ጨዋታ ሐሳባቸውን ከእርሱ የሚያርቁት ነበሩ። ሁለተኛው ምድባችን ያደረገውም ይኸው ነው።

የሸክላው ሥራ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የተጀመረ ሲሆን እንደታሰበው አልተስፋፋም። የአንድ ዕቃ ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል እኩል ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በላስቲክ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ይህን ያልታገሡት ሥራቸው ተሰንጥቆባቸዋል። ሆኖም ያልተተኮሰ ሸክላ በደንብ ደርቆ ውኃ ውስጥ ሲገባ ፈርሶ ተመልሶ ጭቃ ስለሚሆን፣ አባላቱ የተሰነጠቀውን አሟሙተው እንደገና ሠርተውበታል። ድንጋይ ሲፈርስባቸው ይቆጡ የነበሩ ልጆች ጭቃ ሲሰነጠቅባቸው ብዙም አለመቆጣታቸውን አይቻለሁ።

ተሳትፎን በሚመለከት፣ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ጥቂት አባላት ለቀዋል። ከመካከላቸው አንዱ እዚህ እጄ ይተኛል ብሎ ወደ ስፖርት ክበብ ሄዷል፤ በዚያ ለልምምድ ከማንም ቀድሞ እንደሚገኝ ሰምቻለሁ። በክፍል ውስጥ በጨዋነቷ የምትታወቅ ተማሪ የቅጠል ሥራዋን በንዴት ስትበትን፣ በክፍል መቀመጥ የሚያቅተው ልጅ ደግሞ ድንጋይ ይዞ ጠዋቱን ሙሉ ሲቀመጥ ታዝበናል። በመሆኑም ራስን መግዛት ልጁ ተሸክሞት የሚዞር አንድ ወጥ ጠባይ ነው የሚለውን አባባል እጠራጠራለሁ፤ ቦታው፣ ሥራውና በዙሪያው ያለው ሰው ብዙ ይወስናሉ። የክበቡ አባላት በክፍል ውስጥ የሚቀርብባቸው ቅሬታ ቀንሷል ወይ ተብሎም ተጠይቄ ነበር። አባላቱ ወደው የመጡ ስለሆኑ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ማነጻጸሩ ፍትሐዊ አይሆንም፤ በዚህ ምክንያት አኃዝ አላቀረብኩም።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገሮች ታስበዋል። የሸክላ ሥራዎቹ እንዲተኮሱ የእቶን አጠቃቀም ፈቃድ ተጠይቋል፤ እርጥበት ያለው ሸክላ በእሳት ውስጥ ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ዕቃውን ስለሚያፈነዳው፣ ከመተኮሱ በፊት ለሳምንታት የሚደርቅበት መደርደሪያም ያስፈልገናል። የከሰሉ ሥራ እንዲሰፋ ደግሞ በደንብ የሚገጥም ክዳን ያላቸው የብረት ጣሳዎች ስለሚፈለጉ፣ በቤታችሁ የማትጠቀሙባቸው ካሉ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ለክበቡ ተጠሪዎች እንድታስረክቡ እንጠይቃለን።