ጣሪያ ላይ አትውጣ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። ጎህ ሳይቀድ ባይናኩላርህን አንጠልጥለህ የውሃ ታንከሩ ጋ ትወጣለህ አሉ። ወፎቹ ከሰሜን መምጣት ስለጀመሩ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጣሪያ ላይ አትውጣ።

ለነገሩ እዚያ ምን ልታይ ነው? አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው። አየሩ ይቀዘቅዝላቸዋል፣ ጭልፊትም ብዙ አያስቸግራቸውም። ሲነጋ ደክሟቸው፣ ርቧቸው ይወርዳሉ። ምግባቸው ያለው ታች ነው። ሆደ ቢጫዋን የምታገኛት ሳር ላይ፣ ከብት እግር ስር ነው። ትንሽ ትሮጣለች፣ ቆም ትላለች፣ ጅራቷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ከብቱ ያስነሳውን ዝንብ ቀለብ! ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ራሷ ትጠጋሃለች።

የአጎትህን እግር ታውቃለህ። ታሪኩን ግን ሙሉውን አልነገርንህም። ልጆች ሆነን አስተማሪያችን ስለ አንዲት ጅራተ መቀስ ወፍ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1911 እንግሊዝ አገር እግሯ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ታሰረላት፤ በ1912 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ተገኘች። 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ! አጎትህ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን የዛፉ ጫፍ ላይ ባለ ቀለበት አየሁ ብሎ ወጣ። ቅርንጫፉ ደረቅ ነበር። እኔ ቁጥሩን ልጽፍለት እርሳስ ይዤ ከታች ቆሜያለሁ። እሱ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል። እኔ አልስቅም።

የዘንድሮ ጫጩቶች ብዙዎቹ ያን ሁሉ መንገድ ያለ እናት አባት ነው የሚመጡት ብለህ ደግሞ እንዳትከራከረኝ። እነሱ ክንፍ አላቸው። አትውጣ ብያለሁ።

ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፤ በባይናኩላር ፀሐይን እንዳታይ። ማታ የበረንዳውን መብራት አጥፋ፣ አቅጣጫ ያስታቸዋል። ያረፈችውን ወፍ እየተከተልክ አታስበርግጋት፣ ድካሟ ገና አልወጣላትም። ጃኬት ልበስ። ቁርስህን ብላ።

የዘንድሮዋን የመጀመሪያ ሆደ ቢጫ መቼ እንዳየሃት ጻፍልኝ። እኔ እስካሁን አላየሁም፣ ትንሽ ቀንቼብሃለሁ። ከየት ሆነህ እንዳየሃትም ጨምር፤ ከጣሪያ ከሆነ ግን ወዮልህ!

እህትህን ደግሞ ለምን ተናገርሽ ብለህ እንዳትቆጣት። እሁድ ጠዋት እደውላለሁ፣ ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ጠብቀኝ።

አባትህ