ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጌታሁን፤

ከመላው ቤተሰብህ ጋር እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ለዝምታዬ የማቀርበው ምክንያት ስለሌለኝ ይቅርታህን ብቻ እለምናለሁ። አጼ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ መቀመጡ ምን እንዳስከተለ ለተማሪዎችህ ስታስተምር የኖርህ አንተ ነህ፤ የምታስረው ቆንስል ባይኖርህም፣ ቁጣህ ሳይብስ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

የቀሰቀሰኝም የዚያው ታሪክ ቁራጭ ነው። ባለፈው ወር እዚህ ለንደን ውስጥ አሮጌ ሳንቲምና ሜዳልያ ወደሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ገብቼ፣ በመስታወቱ ሣጥን ከተደረደሩት መካከል ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ለማስፈታት እንግሊዞች ላደረጉት ለመቅደላ ዘመቻ የተሰጠውን የብር ሜዳልያ አየሁ። ባለሱቁ ፈቅዶልኝ መዳፌ ላይ አኖርሁት። ከዳር እስከ ዳር 32 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ መዳፍ አይሞላም፤ አሠራሩ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እጅግ ያምራል። በመካከሉ፣ እንደ ዶቃ በተደረደሩ ነጠብጣቦች ክብ ውስጥ፣ ዘውድ ደፍታ ዐይነ ርግብ የተከናነበችው ቪክቶሪያ በትንሹ ተቀርጻለች፤ ምስሉን የሠሩት በማኅተምና በሜዳልያ ቅርጽ ስም ያተረፉት የዋየን ወንድማማቾች ናቸው። ክቡን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ይከበዋል፤ በጫፎቹ መካከል ደግሞ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ገብቶ፣ ዙሪያው ሲነበብ «አቢሲኒያ» ይላል። ኮከቡ ዘጠኝ ጫፍ የኖረው ስማችን በእነርሱ አጻጻፍ ዘጠኝ ፊደል ስለሆነ ነው። በእኛ ፊደል ቢጽፉት አምስት ጫፍ በበቃቸው፤ «ሐበሻ» ቢሉን ደግሞ ሦስት! ከራሱ ላይ ትንሽ የብር ዘውድ ተያይዟል፤ በዘውዱ አናት ባለው ሰፊ ቀለበት የሚያልፈው ጥብጣብ ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መኻሉ ደማቅ ቀይ ነው።

እኔን ይበልጥ ያቆየኝ ግን ጀርባው ነው። በሌሎች የዘመቻ ሜዳልያዎች ላይ የተሸላሚው ስም በጠርዙ ላይ በጥቃቅን ፊደል ይጻፋል። በዚህኛው ግን ስሙ፣ ማዕረጉና የጦር ክፍሉ በሎረል ቅጠል ጉንጉን ተከቦ ጀርባው መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ያውም ፊደሉ ወደ ውጭ ጎልቶ፣ በጣት ሲዳሰስ እንዲሰማ ሆኖ። የእያንዳንዱን ተራ ወታደር ስም ለየብቻ እንዲህ አጉልቶ ማውጣት እጅግ ብዙ ወጪ ስለጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ለዘመቻ ሜዳልያ አልተደገመም። ይህ ክብር ግን ለሁሉም አልደረሰም። የዘመቻው አዛዥ ናፒየር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ካወረዳቸው 13,000 ገደማ ወታደሮች የሚበዙት ህንዳውያን ነበሩ፤ የእነርሱ ስም በአብዛኛው ወደ ውስጥ ተቀርጾ ነው የተሰጣቸው። ስለዚህ ዐይኑን የጨፈነ ሰው እንኳን በጣቱ ዳሶ ተሸላሚው እንግሊዝ ይሁን ህንድ ሊለይ ይችላል።

እኔ የያዝሁት ስሙ ጎልቶ የወጣለት የ33ኛው ሬጅመንት ተራ ወታደር ሜዳልያ ነበር፤ የመቅደላን በር ሰብሮ የገባው ይኸው ሬጅመንት መሆኑን ታስታውሳለህ። ከኦክቶበር 4 ቀን 1867 እስከ ኤፕሪል 19 ቀን 1868 ድረስ ለዘመቱት በጠቅላላው ወደ 14,000 ያህል ሜዳልያዎች ሲሰጡ፣ ከእነዚህ 2,000 የሚሆኑት የባሕር ኃይሉ ድርሻ ነበሩ። የዘመቻው ወጪ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ፓርላማቸውን ስላስቆጣ፣ የብሩ ዋጋ በዚያ መካከል የሚታይ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሜዳልያው ላይ የሌለውን ልንገርህ። ዓመተ ምሕረት የለበትም። መቅደላ የሚል ስም የለበትም፤ በሌሎች ዘመቻዎች ጥብጣቡ ላይ የውጊያውን ቦታ ስም የያዘ የብር ዘንግ ሲታከል፣ ለዚህ ምንም አልታከለለትም። በስቅለት ዕለት ከመቅደላ በታች እሮጌ ሜዳ ላይ ከወደቁት 700 ያህል ወገኖቻችን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንግሥቲቱ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ከሠዉት ንጉሥ፣ አንድም ምልክት አታገኝበትም። ሽጉጡን የሰጠችው፣ ለደብዳቤው ዝም ያለችውና ኮከቡ መኻል የተቀመጠችው ሴት አንድ መሆኗን ሳስበው፣ ሥራው ማማሩ ራሱ አናደደኝ። ከአምባው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ የወረደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በጨረታ የተሸጠው፣ አንተ ማታ ማታ በእግርህ በምትዞርበት በደላንታ ሜዳ ነው፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ይህ ሁሉ ድርሻቸው ሆኖ ሳለ ሜዳልያው በኋላ በተጨማሪ መጣላቸው።

የቀኑን ነገር ሳልነግርህ ደብዳቤዬን መዝጋት አልችልም። ሜዳልያው የተደነገገው በማርች 1 ቀን 1869 ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 23 ቀን 1861 ዓ.ም. ሆኖ ወጣ፤ የዓድዋ ድል ሊሆን ልክ 27 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እንዳልተሳሳትሁ ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ደግሜ ቆጠርሁ፤ አንተም በበኩልህ ቁጠርልኝ።

ባለሱቁ ልገዛው እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዋጋውን እንኳን አልጠየቅሁም። መለስሁለት፤ እርሱም ንግሥቲቱን ወደ ላይ አድርጎ ከሣጥኑ አስቀመጠው። ተማሪዎችህን ይዘህ ወደ መቅደላ የምትወጣ ከሆነ፣ የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ዛሬ እንዴት እንዳለ በዝርዝር ጻፍልኝ። በዚህኛው መልሴን ሦስት ዓመት አላስጠብቅህም።

ናፋቂ ወንድምህ፣
መኮንን