ወደ ናኪቲሽ ከመሄድህ በፊት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ይህን ሁሉ ጊዜ የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳገኝህ ትወቅሰኛለህ። ከዳላስ ተነስታችሁ ወደ ሉዊዚያናዋ ናኪቲሽ ልትሄዱ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል አትመን፤ ሰዉ የሚላት ናኪቲሽ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1714 ሲቆረቁሯት ቀይ ወንዝ በደጇ ያልፍ ነበር፤ ኋላ መውረጃውን ቀይሮ ጥሏት ሄደ። ኬን ሪቨር የሚሉት ያን የተተወ መውረጃ ነው፤ ተገድቦ ሐይቅ ስለሆነ ውሃው ሲፈስ አታየውም።

ባለጡቡ ፍሮንት ስትሪት ያምራል፤ ሁለት ሰዓት ግን ይበቃዋል። ሚት ፓይ የሚሉት የሳምቡሳ ዘመድ ነው። የጥንቱ ሙሌት የበሬና የአሳማ ሥጋ ቅልቅል ስለሆነ ለእማማ ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ።

ቀኑን ለደቡቡ የወንዝ ዳር መንገድ አስቀምጠው። እዚያ በባሮች ጉልበት ይታረሱ የነበሩ የድሮ ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። ኦክላንድና ማግኖሊያ የሚባሉት የብሔራዊ ፓርክ ይዞታ ናቸው፣ መግቢያ አያስከፍሉም። ሦስተኛው፣ ሜልሮዝ፣ ያስከፍላል፤ የሚዘጋበትን ቀን ቀድመህ አጣራ።

ኦክላንድ ስትደርስ ግድግዳውን ልብ ብለህ እይ። የእኛ ጭቃ ቤት ነው፣ ጭዱ ብቻ ተቀይሯል። ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ስፓኒሽ ሞስ የሚባል ተክል ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ልጡ በስብሶ ሲለቅ እንደ ክር ያለው ጥቁር ቃጫው ይቀራል። እሱን ከጭቃ ጋር ያቦኩና በምሰሶዎቹ መካከል በተጋደሙት እንጨቶች ላይ እያንጠለጠሉ ይጠቀጥቁታል፤ ላዩን በኖራ ይለስኑታል። ቡዚያዥ ይሉታል። ጠላቱ ዝናብ ነው፤ ኖራው ከተሰነጠቀ ጭቃው ይሟሟል። በረንዳው የሰፋው፣ ቤቱም ከመሬት ከፍ ያለው ለዚሁ ነው።

ሜልሮዝን የመሠረተችው በባርነት የተወለደችው ማሪ ቴሬዝ ኮዋንኮዋን ናት ሲባል ትሰማለህ። እሷ በ1778 ነጻ ወጥታለች፤ መሬቱ ግን በ1796 የተሰጠው ለልጇ ለሉዊ ሜቶየ ነው። ልጆቿ ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪዎች እንደነበሩም አትርሳ፤ የክሪዮሎቹን፣ ማለትም እንደ ልጆቿ ከፈረንሳይና ከአፍሪካ ዘር የተወለዱትን፣ ታሪክ ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። እዚያው አፍሪካን ሃውስ በተባለው ሕንፃ ፎቅ ላይ ሠዓሊዋ ክሌመንታይን ሀንተር በ1955 የሣለቻቸው የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። እሱን ሳታይ አትመለስ።

በነሐሴ አትሂድ፣ ሙቀቱ እማማን ይጎዳል። በታኅሣሥ ለገና መብራት ከሆነ ደግሞ ማረፊያውን ከወራት በፊት ያዝ።

እማማን ሳምልኝ።

ወዳጅህ