የአቃቂን ማሳዎች በትል እንለያቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአቃቂ ወንዝ ስለሚለማው ቆስጣና ሰላጣ በተነሳ ቁጥር ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ የተባሉት ከባድ ብረቶች አብረው ይነሳሉ። ወሬው ግን ማሳ ከማሳ አይለይም፤ አትክልት አምራቹ ሁሉ በጅምላ ይወቀሳል። እያንዳንዱን ማሳ ላቦራቶሪ መላክ ውድ ነው። የትኛው ይቅደም ለሚለው ግን ለቨርሚኮምፖስት (በትል ለሚዘጋጅ ኮምፖስት) የሚረባው ቀይ ትል ከተበከለ አፈር ስለሚሸሽ በ48 ሰዓት ፍንጭ ይሰጣል።

ከማሳው 5 ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ተወስዶ ይቀላቀል፤ በጥላ ደርቆ ይነፋ። ማነጻጸሪያው የወንዙ ውኃ ካልደረሰበት መሬት ይምጣ፤ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ግን ከመረሬ እንጂ ከቀይ አፈር ጋር አይነጻጸርም። ሁለቱም እኩል ይርጠቡ፦ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ውኃ የማያንጠባጥብ። የፕላስቲክ ሳጥን መሀል ካርቶን አቁሞ ግራውን በተጠረጠረው፣ ቀኙን በማነጻጸሪያው አፈር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሙላት፣ ካርቶኑን መንቀል፣ መስመሩ ላይ 10 ትል ማስቀመጥ። ትሉ ወፈር ያለ ቀለበት ያወጣ፣ ለመራባት የደረሰ ይሁን። ክዳኑ ተበስቶ 20 ዲግሪ አካባቢ ለ48 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ካርቶኑን መልሶ መቁጠር ነው፤ ካርቶኑ የቆረጠው ለየጎኑ ግማሽ ይያዛል። በ5 ሳጥን ከገቡት 50 ትሎች በተጠረጠረው አፈር ከ10 ያነሱ ከቀሩ፣ ያ ማሳ ለላቦራቶሪ ይቅደም።

ብዙ ጊዜ ሙከራውን የሚያበላሸው ፍግ ነው። ፍግ የበዛበት አፈር ቢበከልም ትሉን ይስባል። ጨውና አሲድ ደግሞ ከባድ ብረት ሳይኖርም ያሸሹታል፤ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) አስቀድሞ ይለካ። በግራም በቀኝም ማነጻጸሪያው ብቻ የተሞላባቸው ሳጥኖችም ይኑሩ። እዚያ ትሎቹ ወዳንድ ወገን ካደሉ ስህተቱ የእርጥበት ወይም የብርሃን ነው።

አልሸሸም ማለት ግን አፈሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ካድሚየምን ትሉ ከፕሮቲን ጋር አስሮ በሰውነቱ ያከማቻል፤ መጠኑ ከአፈሩ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ትሎች በዚያው አፈር 4 ሳምንት ቆይተው ሰውነታቸው ይመርመር። ከመላካቸው በፊት በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሆዳቸውን ያጽዱ፤ የጣሉትን መልሰው ስለሚበሉ ወረቀቱ ይቀያየር። ይህ ከተዘለለ ላቦራቶሪው የሚያነበው ሆዳቸው ውስጥ የቀረውን አፈር ነው። ዚንክና መዳብን ትሉ ራሱ ስለሚመጥን በዚህ መንገድ ጎልተው አይታዩም።

ለየወረዳው የግብርና ባለሙያዎች አደራ የምንለው፦ የተሞከረባቸው ትሎች ወደ ኮምፖስቱ አይመለሱ፤ ዶሮም አትልቀማቸው።

የአፈር ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ