ለሙሉቀን፣ ስለ አዘዞው 486

ጎንደር፣ ፒያሳ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ሙሉቀን፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ማን ዘገየ የሚለውን ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን። አሁን እህትህ ወደነገረችኝ ጉዳይ ልግባ። የዕድሩ መዝገብ ያለበት አሮጌው 486 ኮምፒውተር ይነሳል፣ የአማርኛው መጻፊያ ግን «ሜሞሪ አይበቃም» ብሎ አልከፈትም አለ አሉ።

«ራም (ሜሞሪ) ጨምርበት» የሚልህን አትስማ። 8 ሜጋባይት አለው፤ 16 ብታደርገውም መልእክቱ ያው ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ ዶስ፣ የተሠራው ለ8088 ፕሮሰሰር ነው። ያ ፕሮሰሰር የአድራሻ መስመሩ 20 ብቻ ስለሆነ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይደርስም። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ፒሲውን ሲያወጣ ደግሞ ከዚያው ውስጥ የላይኛውን 384 ኪሎባይት ለስክሪን፣ ለባዮስ (ማሽኑን ለሚያስነሳው ቋሚ ፕሮግራም) እና በውስጡ ለሚሰኩ ካርዶች ከለለው። ለፕሮግራም የተረፈው 640 ነው። ዶሱ፣ ማውሱ፣ የዲስኩ ካሽ (ከዲስክ የተነበበውን ሜሞሪ ውስጥ የሚያቆየው)፣ የአማርኛው ፊደል ጫኝ ሁሉ እዚያ ከታጨቁ መጻፊያው መግቢያ ያጣል። ሥራህ እነሱን ከ640ው ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ የሚሠራውም ማሽኑ ሲነሳ በሚያነባቸው ሁለት ፋይሎች፣ በኮንፊግ.ሲስና በኦቶኤክዜክ.ባት ነው።

ምንም ሳትነካ በፊት በባዶ ፍሎፒ ላይ ፎርማት ኤ: /ኤስ ብለህ መነሻ ዲስክ አውጣ፤ ሁለቱንም ፋይሎች ቅዳበት። ይህን ሳታደርግ እንዳትጀምር። ከዚያ ቨር ብለህ የዶሱን ቁጥር እይ። ከ5 በታች ከሆነ የምነግርህ አብዛኛው አይሠራም፤ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እሰየው።

ኤዲት ሲ:\ኮንፊግ.ሲስ ብለህ ክፈትና አናቱን እንዲህ አድርገው። እኔ በፊደላችን እጽፍልሃለሁ፣ አንተ በላቲን ትመታዋለህ፦

ዲቫይስ=ሲ:\ዶስ\ሂሜም.ሲስ
ዲቫይስ=ሲ:\ዶስ\ኢኤምኤም386.ኢኤክስኢ ኖኢኤምኤስ
ዶስ=ሃይ,ዩኤምቢ
ፋይልስ=30
ባፈርስ=20

ቅደም ተከተሉን አታዛባ። ከ1 ሜጋባይት በላይ ያለውን የሚከፍተው ሂሜም ስለሆነ እሱ ሳይቀድም ኢኤምኤም386 አይሠራም። ኢኤምኤም386 ደግሞ በዚያ በ384ቱ ክልል ውስጥ ባዶ የቀረውን እየፈለገ በራም ይሞላዋል። ዶስ=ሃይ የዶሱን አብዛኛውን ክፍል ከ1 ሜጋባይት እንዳለፍክ ባለችው 64 ኪሎባይት ላይ ያስቀምጠዋል፤ በዚህች መስመር ብቻ ከታች ከ40 ኪሎባይት በላይ ታተርፋለህ። ባፈሮቹም (ከዲስክ የሚነበበው የሚያርፍባቸው ቦታዎች) አብረው ይወጣሉ፤ ቁጥራቸውን ግን 50 ምናምን ብታደርገው እዚያ ስለማይበቃቸው ተመልሰው ታች ይወርዳሉ።

ኖኢኤምኤስ የምትለዋን እንዳትዘላት። በእሷ ፋንታ ራም የሚል ካገኘህ፣ ማሽኑ ኢኤምኤስ ለሚባለው የድሮ ሜሞሪ መስኮት ብሎ 64 ኪሎባይት ከላይኛው ክልል ይወስዳል። ኢኤምኤስ የሚፈልግ ፕሮግራም ከሌለህ ያ ሁሉ ቦታ ዝም ብሎ ይባክናል።

ከዚህ በታች ያሉትን ዲቫይስ= የሚሉትን መስመሮች ዲቫይስሃይ= አድርጋቸው፤ ሂሜምና ኢኤምኤም386 ግን እንዳሉ ይቆዩ። ኦቶኤክዜክ.ባት ውስጥ ደግሞ ማውሱና ፊደል ጫኙ ፊት ኤልኤች (ላይ ጫን የሚለውን ትእዛዝ) ጨምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላይኛው ክልል የተቆራረጠ ስለሆነ ትልቁ ፕሮግራም መጀመሪያ መግባት አለበት። አንዳንዱ ሲጫን ብዙ ቦታ ይጠይቅና ከተቀመጠ በኋላ ይሰበሰባል፤ ለመነሻው የሚሆን ቦታ ካላገኘ ዶስ አንድም ቃል ሳይናገር ታች ያስቀምጠዋል። ኤልኤች ጽፈሃልና ወጥቷል ብለህ እንዳታምን። ሜም /ሲ /ፒ ብለህ እይ፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም ታች ስንት፣ ላይ ስንት እንደያዘ ይዘረዝርልሃል፤ መጨረሻ ላይ ለአንድ ፕሮግራም የሚተርፈውን ትልቁን ቦታ ይጽፋል። እሱ ከ600 ኪሎባይት ካለፈ በቂ ነው። ሜምሜከር የሚባለውም ይህንኑ ራሱ ይሞክራል፣ ግን መስመሮቹን በቁጥር አጨናንቆ ስለሚተዋቸው እኔ በእጅ መሥራቱን እመርጣለሁ።

ስለ ፊደል ጫኙ አንድ ነገር ልበልህ። በቪጂኤ ስክሪን አንድ የፊደል ገበታ 256 ምልክት ይይዛል፣ እያንዳንዱ 16 ባይት፤ በጠቅላላው 4 ኪሎባይት። የኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ስለሆነ በግድም ቢሆን ይገባል። ችግሩ ስክሪኑ ሁነታ በቀየረ ቁጥር ገበታው ተሽሮ የካርዱ የራሱ ፊደል ይመለሳል። ጫኙ ቅጂውን ይዞ፣ ኪቦርዱንም እየተከታተለ ሜሞሪ ውስጥ መቆየት ያለበት ለዚህ ነው። ላይ ስታወጣው ማሽኑ ቀጥ ካለ፣ ኤልኤቹን አንሳለትና ታች ተወው፤ በሱ ምትክ ሌላውን አውጣ።

አሁንም ካነሰህ ኢኤምኤም386 መስመር ላይ አይ=ቢ000-ቢ7ኤፍኤፍ ጨምር። የጥቁርና ነጭ ስክሪን ቦታ ነው፤ ባለ ቀለም ስክሪን ስለማይነካው 32 ኪሎባይት ታገኛለህ። አንዳንድ ሱፐር ቪጂኤ ካርድ ግን ይጠቀምበታል፤ ስክሪኑ ከተዘበራረቀ ወዲያው አጥፋው። ማሽኑ ከቢሮ የወጣ ነውና የኔትወርክ ካርድ ተረስቶበት ሊሆን ይችላል። ካርዱ የራሱ ሜሞሪ በዚያ ክልል ካለውና ኢኤምኤም386 በላዩ ራም ከዘረጋ ይጋጫሉ። ለዕድር ምን ያደርጋል፣ ንቀለው።

መስመር አበላሽተህ ማሽኑ እምቢ ቢልህ አትደንግጥ። ዶስ መነሳት ጀመርኩ የሚለውን ጽሑፍ እንዳሳየህ ኤፍ5 ብትጫን ሁለቱንም ፋይሎች ዘሎ ይነሳል፤ ኤፍ8 ብትጫን መስመር በመስመር እየጠየቀህ ይሄዳል፤ ጥፋተኛው በዚሁ ይታወቃል። እነዚህ ከዶስ 6 ጀምሮ ነው የመጡት፤ በ5ቱ ፍሎፒህ ነው መድኅንህ።

ስማርትድራይቭ (የዶሱ የዲስክ ካሽ) ካለው /ኤክስ ጨምርበት፤ ከ6.2 ጀምሮ ይቀበለዋል። ያለዚያ የጻፍከውን ዲስኩ ላይ ሳያሰፍር ለጊዜው ሜሞሪ ውስጥ ያቆየዋል። አዘዞ ላይ መብራት እንዴት ድርግም እንደሚል ለአንተ አይነገርም።

ሁሉንም ሞክረህ ካልሆነ ሜም /ሲ > ኤ:\ሜም.ቲኤክስቲ በል። ዝርዝሩ ፍሎፒው ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱንም ፋይሎች ጨምርበትና ወደ ፒያሳ ለሚመጣ ሰው ስጠው። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ ደሴ